ካስክ ስር የገባው ላፕቶፕ

ለጸጉር ሠሪ ውሃ ጠላቷ አይደለም። ጠዋት ቧንቧውን ከፍታ ትጀምራለች፣ ማታ ዘግታው ትሄዳለች። ረጠበ ብሎ መደንገጥ የሚባል ነገር አታውቅም፤ የረጠበ ይደርቃል፣ ሌላ ምን አለ? የዚህች ጸጉር ሠሪ ጣጣ ሁሉ የመጣው ይህን እውቀቷን ከጸጉር አሳልፋ ለላፕቶፕ ያዋለችው ዕለት ነው።

የላፕቶፑ ባለቤት የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ነበር። የጸጉር ቤቱ ሴቶች ግማሽ በፌዝ፣ ግማሽ በፍቅር «ዳይሬክተሩ» ይሉታል። የተዋወቁት በአንዲት ሙሽራ ራስ ላይ ነው ቢባል ውሸት የለበትም። እሷ የሙሽራዋን ጸጉር ጨርሳ የመጨረሻዋን ማስያዣ ስትሰካ፣ እሱ ካሜራውን ደግኖ ከጀርባዋ ቆሞ ነበር።

«ይቅርታ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ነቅለሽ እንደገና ትሰኪልኝ? ብርሃኑ አልተመቸኝም።»

«አንተ ብርሃንህን ነቅለህ እንደገና ሰካው» አለችው ዞር ብላ እንኳ ሳታየው። «እኔ የያዝኩት የሰው ራስ ነው።»

ሙሽራዋ በሳቅ ፈረሰች። እሱም ሳቀ፤ ካሜራው በእጁ ላይ ተንቀጠቀጠ። «እሺ፣ እጀ ወርቅ፤ ይቅርብኝ» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

ቀስ በቀስ የሥራ ቦታው ጸጉር ቤቱ ሆነ። የሚኖረው እንደ እናት ሆና ባሳደገችው ታላቅ እህቱ ቤት ሲሆን፣ እዚያ የልጆቹ ጫጫታ ሰው አያሠራም። እዚህ ግን ከጸጉር መታጠቢያው አጠገብ፣ ሶኬት ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ፣ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ዘርግቶ ፊልሞቹን ይቆራርጣል። እሷ ትሠራለች፣ እሱ ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ዓይናቸው መስታወቱ ውስጥ ይገናኛል። ግድግዳው ሁሉ መስታወት በሆነበት ቤት ፍቅርን መደበቅ አይሞከርም፤ እነሱም አልሞከሩም።

የዚያች ሙሽራ ፊልም ግን አላልቅ አለ። ያቺ ካሜራው የተንቀጠቀጠባት ቦታ ላይ ሲደርስ ዳይሬክተሩ መቁረጥ ያቅተዋል። ይመልሳታል፣ ያያታል፣ ፈገግ ብሎ ይዘጋዋል። የሰርግ ፊልም እስኪደርስ ልጅ ይወለዳል የሚባለው ቀልድ እውነት ሊሆን የሙሽራዋ ሆድ ገፋ። በመጨረሻ ጨረሰው፤ የተንቀጠቀጠችውንም ሳይቆርጥ ተዋት። ፊልሙን የሚገለብጥበት ፍላሽ ሊገዛ ሲወጣ ነው ጉዱ የመጣው።

እሷ የአንዲት ደንበኛ ጸጉር እያጠበች ነበር። የመታጠቢያው ቱቦ ከቧንቧው ተፈናጠረና ቤቱን ሁሉ ረጨው። ሮጣ እስክትዘጋው ውሃው በላፕቶፑ ፊደላት መሀል ሰምጦ ነበር።

እሷ አልጮኸችም። ሶኬቱን ነቀለች፣ ላፕቶፑን ዘቅዝቃ አንጠባጠበችው፣ በፎጣ ጠረገችው። ከዚያ ወስዳ ጸጉር የሚደርቅበት ካስክ ስር አስቀመጠችው፤ ሙቀቱንም እስከ መጨረሻ ከፈተችው። አጠገቡ ካለው ካስክ ስር የተቀመጠች ደንበኛ አንገቷን አስግጋ አየችና «እሷስ ለሰርግ ናት ለልደት?» አለች። ሁሉም ሳቁ። እጀ ወርቅም ሳቀች። ስታወጣው ሞቅ ያለ፣ ደረቅ፣ ምንም ያልነካው የሚመስል ላፕቶፕ ነበር። ወደ ቦታው መልሳ ቻርጀሩን ሰካችው።

ፍላሹን በጣቱ እያሽከረከረ ገባ። «ወለሉ ረጥቧል፤ ምን ሆናችሁ?»

«ምንም» አለችው።

ለምን እንዳለችው ታውቃለች። እህቱ አንድ ቀን ጸጉሯን ልትሠራ መጥታ ያቺን ጠረጴዛ አይታ ነበር። «ውሃ በሚረጭበት ቤት ኤሌክትሪክ ታቅፎ መዋል ምን የሚሉት ፍቅር ነው?» ብላ ስቃለች። እጀ ወርቅ ግን ያቺን ሳቅ አልረሳቻትም። እውነቱን ብትናገር ነገ ጠረጴዛዋ ባዶ የምትሆን መሰላት።

ቁልፉን ተጫነው። ስክሪኑ በራ። «ተመስገን» አለች በልቧ። ወዲያው የፕላስቲክ ቃጠሎ ሸተተ፤ ስክሪኑ ጭልም አለ።

«እኔ ነኝ! እኔው ራሴ ነኝ!» አለ ዳይሬክተሩ ግንባሩን በእጁ እየመታ። «ይሄን የማይረባ ቻርጀር ጣለው ጣለው ሲሉኝ! አንድ ኮፒ እንኳ ሳልይዝ! ምን ዓይነት ደደብ ነኝ?»

አሁን እነግረዋለሁ ስትል እሱ ራሱን ይሰድባል፤ ስድቡ ይለፍና እነግረዋለሁ ስትል ሌላ ስድብ ይጀምራል። ሲመሽ በር ላይ ተሰናበታት፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አሁንም አልነገረችውም።

በማግስቱ ጥገና ቤት አብረው ሄዱ። ባለጥገናው ጠና ያለ፣ ወሬ የማይወድ ሰውዬ ነው። ብሎኖቹን ፈታ፣ ክዳኑን ገለጠ፣ በመብራት አየ። ከዚያ በወረንጦ አንዲት ረጅም፣ የተጠቀለለች ጸጉር መዝዞ አወጣ።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለ። «ውሃ ገብቶበታል። ብቻውን ቢሆን ባልከፋ፤ አንድ ሰው ደግሞ ጠብሶታል። ይኸው፣ ኪቦርዱ ከውስጥ በኩል ቀልጧል። ላዩ ሲደርቅ እርጥበቱ ውስጥ ቀረ። ጭራሽ ደግሞ አበራችሁት! ሳታበሩት ብታመጡልኝ ኖሮ ሳይቃጠል በቅጠል ነበር።»

ዳይሬክተሩ ወረንጦው ላይ ያለችውን ጸጉር አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ቱቦው ተፈናጠረ። ካስክ ስር አደረቅሁት። የዳነ መስሎኝ...»

«ምን ሆናችሁ ብዬሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ምንም አልሽኝ። ራሴን ስረግም ስውል አጠገቤ ቆመሽ ታዪኛለሽ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። «ላፕቶፑስ ዕቃ ነው...» አለና በስሟ ጠራት።

ስሟ ከእሱ አፍ ሲወጣ የሌላ ሴት ስም ሆነባት።

ባለጥገናው ጉሮሮውን ጠረገ። «ፊልሙ ያለው እዚሁ ቦርድ ላይ ነው። ማሽኑ ካልተነሳ ፊልሙም አይነሳም። አጥቤ፣ የተቃጠለውን ቀይሬ ልሞክረው እችላለሁ፤ ጊዜ ይፈልጋል። ቢነሳም ግን ዋስ አልሆንም። አንዴ ውሃ የገባበት መቼ እንደሚከዳ አይታወቅም። እኔን ከጠየቅኸኝ አዲስ ግዛ።»

«አስቤበት እመለሳለሁ» አለ ዳይሬክተሩ። ብቻውን ወጣ።

ከዚያ በኋላ ጸጉር ቤት የመጣችው እህቱ ናት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ጸጉሯን ግን አልፈታችም።

«እትዬ፣ እንደምን አሉ?»

«ደህና ነኝ፣ የኔ ልጅ። አዲስ ላፕቶፕ ልገዛለት ነው። ባለቤቴ መሥሪያ ቤት ቦታ ተገኝቷል፤ ሰርግ ማሳደዱን ትቶ እዚያ ይገባል። ሙሽራዋ በስልክ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታዋለች፤ ጥገና እስኪያልቅ የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። ጠፍቷል ብሎ ይቅርታ ይጠይቃታል፣ ያልቃል።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ዝም አለ። ዝምታው እሺ ነው።» እህትየዋ ተነሳች፤ ክፋት አልነበረባትም፣ እጇንም ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። «ክፉ ልጅ አይደለሽም። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልቀቂው።»

በሩ ከተዘጋ በኋላ እጀ ወርቅ ባዶዋን ጠረጴዛ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። እሱ ሊተዋት ይችላል፤ ጥፋቷን አጥፍታለች። ባላጠፋው ጥፋት ሰው ፊት ቆሞ አንገቱን እንዲደፋ ግን ልትተወው አልቻለችም። ሽርጧን ፈታ ወደ ሙሽራዋ ቤት ሄደች።

በሩን የከፈተችው ሙሽራዋ ናት፤ ሆዷ ግን ቀድሟት ወጣ።

«ፊልሜን ይዘሽ መጣሽ?»

«አልያዝኩም። ፊልሙን ጨርሶት ነበር። ውሃ ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ፤ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። እሱ ምንም አላጠፋም። አሁን መጠገን ይሞከር አይሞከር እያመነታ ነው፤ አንቺን ማስጠበቅ አፍሮ።»

ሙሽራዋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «አባቴን ታውቂዋለሽ?» አለች። «ሲስቅ አይተሽው አታውቂም። ማንም አላየውም። በሰርጌ ቀን ብቻ ሳቀ፤ ያንቺው ሰው ደግሞ በካሜራው ያዘው። ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? የአባቴን ሳቅ ነው የምፈልገው። ይጠገን! ይሄ ልጅ ተወልዶ ድክ ድክ ቢልም እጠብቃለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ።»

«አትመርቂኝ፣ አንቺን ይቅር አላልኩም። ፊልሙ ሲመጣ እንተያያለን።»

ስልኳን አንስታ እዚያው እጀ ወርቅ ፊት ለዳይሬክተሩ ደወለች።

ላፕቶፑ መጠገን መጀመሩን እጀ ወርቅ የሰማችው ከሰው ነው። እሱ አልደወለም፣ አልመጣም። እሷ የሰው ጸጉር ታጥባለች፣ ታደርቃለች፤ የካስኩ ድምፅ በተነሳ ቁጥር ወደ ባዶዋ ጠረጴዛ ትዞራለች። ደንበኞቿም ነገሩ ገብቷቸው ቀልዱን ተዉት፤ ይህ ደግሞ የባሰ ከበዳት።

አንድ ቀን ከሰዓት በሩ ተከፈተና ገባ። ላፕቶፑን ይዟል። እዚያችው፣ መታጠቢያው አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ተነሳ?»

«ተነሳ። አንድ ፊደል አይጽፍም እንጂ ደህና ነው። ፊልሙን አስረከብኩ። አባትየው ራሳቸውን ሲስቁ አይተው ደነገጡ አሉ።»

ልትስቅ ፈለገች፤ አልሆነላትም። «እህትህስ?»

«አዲሱ አልቀረም ብላኛለች። ሥራውም።» ላፕቶፑን ወደ ሶኬቱ ጠጋ አደረገው። «ሄደሽ ለሙሽራዋ መናገርሽን ሰማሁ።»

«እንድትታረቀኝ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ግን ቅሬታው ገና አልለቀቀኝም። ዝም ብዬ ልቀመጥ?»

«ተቀመጥ» አለች። «እዚያ ግን አታስቀምጠው፤ ወደ መስኮቱ...»

«እዚያው ይሁን።»

ተቀመጠ። እሷም ደንበኛዋን ማጠብ ጀመረች። ስልኩ ጠራና ሊያናግር ወደ ውጭ ወጣ። ልክ ያኔ ከጣቶቿ ጫፍ አንዲት ጠብታ ተፈናጥራ በተዘጋው ላፕቶፕ ክዳን ላይ አረፈች። ክዳን ላይ ናት፣ የምትጎዳ አይደለችም። በክንዷ ጠረግ ብታደርጋት ማንም አያውቅም።

የደንበኛዋን ራስ ሻምፖ እንደሞላው ትታ፣ አረፋ በአረፋ የሆነ እጇን አንከርፍፋ መንገድ ላይ ወጣች።

«ውሃ ነክቶታል!» ብላ ጮኸች። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። «አንዲት ጠብታ ናት፣ ክዳኑ ላይ! አልጠረግኳትም! መጥተህ እያት!»

ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ቆሞ አያት። አረፋው በክርኗ እየወረደ ይንጠባጠባል። እንባዋም አብሮ።

«እትዬ» አለ ወደ ስልኩ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል። «አዲሱን ተይው። ሥራውንም። አዎ፣ አስቤበታለሁ። አሮጌው ይበቃኛል።»

ስልኩን ኪሱ ከትቶ መጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ በሸሚዙ እጅጌ ጉንጯን ጠረገላት። ከውስጥ ዓይኗን የጨፈነችው ደንበኛ «ኧረ በፈጠራችሁ!» እያለች ትጮኻለች።

«ግቢ፣ እጀ ወርቅ» አላት። «ሴትዮዋ በሻምፖ ልትታወር ነው።»