ለሰማያዊው ካርድ የተነሱ እጆች

«እጅ!» አለ ፍሪድሊ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ወጥቶ ቆሞ። «ለሰማያዊው ካርድ! ወሬው ይብቃ፣ የትኬቱ መስኮት ሊዘጋብን ነው።»

አምስቱ ጓደኛሞች ከትምህርት ቤት በቀጥታ ስዊዘርላንድ ውስጥ ወዳለችው የግላሩስ ከተማ ባቡር ጣቢያ መጥተዋል። ያለ ወላጅ ተራራ ሲሄዱ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። በጋራ ያጠራቀሙት ገንዘብ ከሁለቱ የባቡር ካርድ ዓይነቶች አንዱን ብቻ ለአምስቱም ይገዛል። ሰማያዊው ሰባት ቀን ይሠራል፤ ግን ከሸለቆ ሸለቆ ያደርሳል እንጂ ወደ ማደሪያ ጎጆዎቹ የሚወጣው በእግር ነው። ቀዩ ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ግን በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ዳገቱን የሚወጣውን ኬብል ካርም ይጨምራል። ተራራው አናት ላይ እስካለችው መንደር ድረስ ቁጭ ብሎ መውጣት ይቻላል።

ስለ ካርዶቹ ሳምንት ሙሉ ሲከራከሩ ከርመዋል። ስለ ባልዝ እግር ግን አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም።

ባልዝ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እግሩ ላይ፣ ከሱሪው ሥር፣ የፕላስቲክ ድጋፍ ታስሯል። ሕመሙ የጡንቻ ነው። ባለፈው በጋ ወደ ኋላ እየቀረም ቢሆን ዳገት ወጥቶ ነበር። ከገና ወዲህ ግን የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቋል።

ፍሪድሊ እጁን አነሳ። ዮስትም ተከተለው። ሮዚና እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ኡርሲናን አየቻት። ኡርሲናም አላነሳችም። ሁለት ለሁለት ሆኑ። የቀረው ባልዝ ነው፤ ባልዝ ደግሞ ከቀዩ ሌላ ምን ሊመርጥ ይችላል? ሮዚና ተንፈስ አለች።

ባልዝ እጁን አነሳ። ክርኑን ሳያጥፍ ከፍ አድርጎ አነሳው፤ አዋቂዎች በየጸደዩ አደባባይ ወጥተው ሕግ ሲያጸድቁ እንደሚያነሱት።

«ሦስት!» ፍሪድሊ ዘሎ ወረደ። «ባልዝ፣ ይመችህ አቦ! ሰባት ቀን ሙሉ!»

«ቆይ፣ እንደገና ይቆጠር» አለች ሮዚና።

«ምኑ? ሦስት መቁጠርም ጠፋሽ እንዴ?»

«አንዱ ሳያስብ ነው ያነሳው።»

«አስቤ ነው» አለ ባልዝ።

እጅ ከተቆጠረ በኋላ የተሸነፈ አያጉረመርምም። አባቶቻቸውም እንዲሁ ናቸው፤ ጠዋት አደባባዩ ላይ ሲጯጯሁ የነበሩት ሰዎች ቀትር ላይ አንድ ጠረጴዛ ከብበው ቋሊማቸውን ይበላሉ። ልጆቹ የኳስ ሜዳ ተራቸውንም የክፍል አለቃቸውንም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የወሰኑት በዚሁ መንገድ ነው። ሮዚና የተጠራቀመውን ገንዘብ አነሳች።

ካርዱን የምትገዛው እሷ ናት። ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሄዱ። ኡርሲና ብቻ አንድ ጊዜ ዞራ አየች፤ ተመልሳ ግን አልመጣችም። ባልዝ ከወንበሩ አልተነሳም።

«ለምን?» አለችው።

«ምኑ ለምን?»

«አትቀልድብኝ። ያንን ዳገት አትወጣውም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ባልዝ ሐዲዱን አየ። «ባለፈው ዓመት እኔ ወደ ኋላ ስቀር በየመታጠፊያው ጎንበስ ብለሽ የጫማሽን ክር ታስሪ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተፈትቶ አላየሁትም፣ ሮዚ።»

ፊቷ ጋለ።

«ቀዩን ብትገዙ ሦስቱን ቀን እኔን ስታዩ ነው የምትውሉት። ፍሪድሊ እንዳይከፋኝ ይቀልዳል። ኡርሲና ትራስ ታቀብለኛለች። ያንን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ ተራራውን የሚያይ አይኖርም።»

«ከአንተ ጋር መሆን ነው የፈለግነው።»

«እኔ አልፈለግሁም።» ድምፁን አላነሳም። «እንዲህ ሆኜ አልፈለግሁም። ሐኪሙ ለሚመጣው በጋ ተሽከርካሪ ወንበር ነው ያለው። እማዬ ለማንም አትናገር ትለኛለች፤ እሷ ግን ለፖስታ አመላላሹ ሳይቀር ነግራለች።»

ፈገግ ሊል ሞከረ። ሮዚና አልሳቀችም።

«ይሻልሃል፣ አይደል? ማለቴ... መድኃኒቱ...»

«አይሻለኝም።»

ባቡር መጣ። ጥቂት ሰው አወረደና ሄደ።

«እንግዲያው እኔም እቀራለሁ» አለች።

«ሞክሪያት! ሰባቱንም ቀን ያዘነ ፊትሽን እያየሁ ልቀመጥ? እሱ ከወንበሩም ይብሳል።» ከዚያ ቀስ ብሎ «ሂጂ በቃ። መስኮቱ ይዘጋል» አላት።

ሮዚና ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

ትኬት የምትሸጠው ወይዘሮ ሄስሊ ከመስታወቱ ጀርባ ቦርሳዋን አንጠልጥላለች። «ነይ ልጄ፣ ልወጣ ነበር። የትኛውን መረጣችሁ?»

«ሰማያዊውን።»

«ዋጋ ስትጠይቂኝ ለአምስት ሰው ነበር ያልሽኝ፣ አይደል? በይ ስም ስጪኝ፤ በየካርዱ ላይ ይታተማል።»

ሮዚና ዞር አለች። ባልዝ ለመነሳት ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይገፋል። ከባቡሩ የወረደ አንድ ሰውዬ እጁን ዘረጋለት። ባልዝ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው ሄደ። ባልዝ እንደገና ገፋ፤ አልተነሳም።

ሮዚና ፊቷን ወደ መስታወቱ መለሰች።

«አራት ነን» አለች።

«አምስት አላልሽኝም?»

«አራት ነን፣ ወይዘሮ ሄስሊ።»

ከፍሪድሊ ጀምራ ስሞቹን አንድ በአንድ ነገረቻት። የራሷን መጨረሻ ላይ አስጻፈች።