ቀስት ያለው ኬብል

የድምፅ መሣሪያ መደብሩ መሐንዲስ የሞተው በማዳመጫው ክፍል ውስጥ፣ ደንበኞች ዓይናቸውን ጨፍነው ሙዚቃ ከሚሰሙበት ወንበር ፊት ለፊት ነበር። ቀኝ መዳፉ በኤሌክትሪክ ተቃጥሏል። አጠገቡ ያለው አምፕሊፋየር ምንም እንዳልተፈጠረ ትንሿን መብራቱን አብርቶ ተቀምጧል።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ቃኘች። እንቅልፍ የጠገበችበትን ቀን አታስታውስም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ የኬብል ማስታወቂያ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ቀስቱን ይከተሉ፤ ሙዚቃው ወደ እርስዎ ይፈስሳል።»

«ምን ማለት ነው?» አለች።

«እኔ እንጃ» አለ ረዳቷ። «የኬብሉን ዋጋ ስሰማ ግን እኔም ልፈስስ ነበር። ለማንኛውም ተጠርጣሪውን ይዘነዋል፤ የመደብሩ ባለቤት ታናሽ ወንድም ነው። ትናንት ሟቹን በሰው ፊት ‹እገልሃለሁ› ብሎታል። ከዚህ በቀጥታ ወደ ጣቢያ ነው የምወስደው።»

«ቆይ እስቲ።»

የመደብሩ ቁልፍ ያላቸው ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ባለቤቱ፣ ሚስቱና ወንድሙ። አስከሬኑን ያገኘችው ሚስትየዋ ነበረች። ጠዋት ልትከፍት መጥታ አይታው ጮኸች፤ ፖሊስ እስኪመጣም ከጎረቤቶቿ መካከል አልተነቃነቀችም። ባሏ ከቤት ተጠርቶ መጣ።

«መሐንዲሱ ምን ሊሠራ ነበር በጠዋት የመጣው?» አለቻት መርማሪዋ ሚስትየዋን።

«ለቅዳሜ ሊለማመድ ነዋ፣ እህቴ። ደንበኞች ጠርቶ፣ የእኛን ኬብልና ተራ የመብራት ሽቦ ከመጋረጃ ጀርባ እያቀያየረ ሊያሰማቸው ነበር። የቱ የቱ እንደሆነ ይለዩ ብሎ።»

«ባልሽ ምን አለ?»

«ሳቀ። ማታ ግን እራቱን አልነካም። ካልለዩት ሱቁ አለቀለት ማለት ነው።»

«ቀስቱስ?»

«እሱን ኬብሉ ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ። ከአምፕሊፋየሩ ወደ ስፒከሩ ማየት አለበት። የማዳመጫውንም ኬብል የምገጥመው እኔው ነኝ፤ እጄ ለምዶት አሁን ሳላይ ነው የምሰካው።»

«ቢገለበጥስ?»

«ኧረ በስማም! ጆሮው ካየ ቀኑን ሙሉ ሲያኮርፍ ይውላል።»

«ጆሮው» የሚሉት ወንድምየውን ነው። እጁ በካቴና ታስሮ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

«‹እገልሃለሁ› ብለሃል?»

«ብያለሁ። ደንበኛ ፊት ውሸታም ነህ አለኝ። ግን የምዝተውን ሁሉ ብፈጽም ኖሮ እዚህ ሰፈር ሰው ባልተረፈ፣ ኢንስፔክተር።»

«የኬብሉን ልዩነት በእርግጥ ትሰማዋለህ?»

ልጁ ፊቱ በራ። «ቀስቱ ሲገለበጥ የዘፋኟ ድምፅ ወደ ግድግዳው ይሸሻል። እውነቴን ነው፣ ያመኛል።»

ባለቤቱ በአንጻሩ በቁጥብነት ተናገረ። «አምፕሊፋየሩን ሳይነቅለው ሲነካካ ኤሌክትሪክ ይዞት ይሆናል። ወንድሜም... ግልፍተኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ምን ልበል?»

«ብዙ ብለዋል» አለች መርማሪዋ።

ከመብራት ኃይል የተጠራው ባለሙያ አምፕሊፋየሩን ፈትቶ መረመረና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ዝንብም አይገድል። እንከን የለበትም።»

መርማሪዋ ወገቧን ይዛ ተንበረከከች። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ያሉትን ሁለት ወፋፍራም ኬብሎች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ረዳቷን ጠርታ በሹክሹክታ አንድ ነገር ነግራ ላከችው፤ ሌሎቹን ሰበሰበቻቸው።

«ቶሎ እንጨርስ፤ ሁላችንም ደክሞናል» አለች። «ሰውየውን ኤሌክትሪክ ገድሎታል። ይህ አምፕሊፋየር ግን ሊገድል አይችልም። ስለዚህ የገደለው ሌላ ነው፤ እሱን አንስቶ ይህን በቦታው የተካ ሰው አለ። የተካውም ሟቹ ከወደቀ በኋላ ስለሆነ፣ ኬብሎቹን መልሶ የሰካው ገዳዩ ነው። ኑና እዩ፤ ቀስቶቹ ከስፒከሩ ወደ አምፕሊፋየሩ ያያሉ። ሁለቱም።»

ጆሮው ፊቱን አጨማደደ። «ማነው ይሄን ያደረገው?»

«አንተ አይደለህም። አንተ ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን አስተካክለህ ነበር የምትሰካው። እህታችንም እጇ ለምዶታል፤ ብትቸኩል ይበልጥ በልማዷ ትሠራለች። የቀረው ቀስቱን ዞር ብሎ የማያይ ሰው ነው። ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው።»

«ቀስት?» ባለቤቱ ተነሳ። «ሰው በቀስት ይከሰሳል? ቢገለበጥስ ምን ለውጥ አለው? ሽቦ ነው እኮ! ሽቦ!»

ጆሮው ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ሟቹ ቅዳሜ ሊል የነበረው ይህንኑ ነው» አለች መርማሪዋ።

ረዳቷ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አምፕሊፋየር ይዞ ገባ፤ ከባለቤቱ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ያወጣው ነው። ባለሙያው ክዳኑን ከፈተ። ከአደጋ የሚጠብቀው የመሬት መስመር ተቆርጧል፤ ኃይል የሚያመጣው ሽቦ ከብረት ገላው ጋር ታስሯል።

ባለቤቱ የደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የካደው ነገር አልነበረም።

«ጋሼ» አለ ጆሮው ቀስ ብሎ፤ «እኔ እኮ እሰማው ነበር።»

ወንድሙ ቀና ብሎ አላየውም። «አውቃለሁ። ለዚህ አይደል ሽያጭ ላይ ያቆምኩህ?»

ረዳቱ ካቴናውን ከታናሹ እጅ ፈትቶ ለታላቁ አሰረ። ጆሮው የእጁን አንጓ እያሻሸ እዚያው ቆሞ ቀረ።