አንቱ የሚባለው ነፋስ

የዝናቡ ደወል በተሰረቀ ማግስት በቃልማይ ደሴት ጉድጓዶች ያለው ውኃ ጨው ጨው አለ። ሽማግሌዎቹ ቀምሰው ተፉት፤ እርስ በርሳቸውም ተያዩ። ለሰባት ትውልድ ያ ደወል ከኮረብታው ላይ ሲደወል ደመና ይሰበሰብ ነበር። አሁን ግን ከክንፎቿ ጨው የሚረግፈው ግዙፍ ወፍ ጸውራ በማዕበል መካከል መጥታ ነጥቃዋለች፤ ጎጆዋ ወዳለበት ከርሞ ወደተባለው ራቁት ዓለትም ወስዳዋለች። ለሕዝቡ የቀረው ንጹሕ ውኃ ሃያ ቀን ብቻ የሚያዘልቅ ነበር።

የደወሉ ጠባቂ ልጅ ሊባና፣ ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ በንጉሡ ፊት ቀኝ እጇን አንሥታ ማለች።

«በአባቴ ገመድ፣ በእናቴ እንስራ እምላለሁ! ደወሉን ሳልይዝ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ፣ ባሕርም አትሸከመኝ!»

«መርከቡን ማን ይመራልሻል?» አሉ ንጉሡ።

«እትዬ ዘሚካ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ዘሚካ ጸጉሯ የሸበተ መርከብ መሪ ናት። ባሏ ካሳር ከርሞ አጠገብ ከነጀልባው ከሰጠመ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስለ እሱ ስታወራ የሰማት የለም። ቤት ትቶት የሄደውን አሮጌ ሸራ ግን በየዓመቱ አውጥታ ትጥፈዋለች።

«እመራለሁ» አለች ዘሚካ። «ዛሬ ግን አንሄድም።»

ሊባና ደነገጠች። «ሰው እየተጠማ እርስዎ ምን ይጠብቃሉ?»

«መጀመሪያ አንቺ በይኝ። ማዕበል ሲመጣ አጭር ቃል ይሻላል።» ከዚያም በአሸዋው ላይ በጣቷ መስመር አሰመረች። «ጸውራ ከባድ ናት፤ ያለ ነፋስ ከዓለቱ መነሣት አትችልም። ሸራችንም ያለ ነፋስ አይሄድም። ስለዚህ በመጨረሻው ነፋስ ተጠግተን፣ ባሕሩ ጸጥ ሲል ደወሉን ወስደን፣ ጸጥታው ሳያበቃ ቀዝፈን መራቅ አለብን። ጨረቃ ክብ ከሠራች በአራተኛው ቀን ጸጥታ ይወርዳል። የሚቆየው ከንጋት እስከ ቀትር ነው። ከርሞም የሦስት ቀን መንገድ ነው።»

ሰባት ቀን ጠበቁ። ሊባና በየምሽቱ ጨረቃዋን እያየች ከንፈሯን ትነክስ ነበር። ሦስተኛው ባልደረባቸው፣ ወፍራሙ ሸራ ሰፊ ጉንዳል፣ ሊያጽናናት ሞከረ። «እኔ ለመጠበቅ የተፈጠርኩ ነኝ። እናቴ እንኳ በአሥረኛው ወር ነው የወለደችኝ።»

በስምንተኛው ቀን፣ ጨረቃ ክብ በሠራች ማግስት፣ ሦስቱም እጃቸውን በመርከቡ ምሰሶ ላይ አኖሩ። በቃልማይ ነፋስን ማንም አንተ አይለውም። ንጉሡ እርስዎ ይባላሉ፤ አንቱ የሚባለው ግን ነፋሱ ብቻ ነው። «አንቱ የባሕር ጌታ፣ መንገድዎን ያካፍሉን» አሉ። ሸራውም ሞላ።

በሁለተኛው ቀን፣ ድብራና ሰቆር በተባሉት ደሴቶች መካከል፣ ነፋሱ ደከመ። ሊባና የታናናሽ ወንድሞቿ የደረቀ ከንፈር ታያትና ምሰሶውን በጥፊ መታችው።

«ና እንጂ፣ አንተ ሰነፍ! ሰው በጥም እያለቀ ነው!»

ጉንዳል አፉን ከፍቶ ቀረ። ነፋሱ መጣ፤ ግን በተቃራኒው ወገን መጣ። የራሷን ሻሽ ነጠቃት፣ ከመርከቡ ወለል ላይ ጣላት፣ ሸራውን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ከእሷ ሁለት ክንድ ርቃ የተቀመጠችው ዘሚካ ግን ነጠላዋ እንኳ አልተወዛወዘም።

«እንዴት ነው፣ ሰነፍ ነው?» አለ ጉንዳል፣ ቅዳጁን እየዳሰሰ።

ዘሚካ አልተቆጣችም። ከጓዟ የካሳርን ሸራ አወጣች።

«እትዬ፣ ይኼማ...»

«እሰሪው።»

ሊባና እያለቀሰች አሰረችው። ዘሚካ ባሕሩን እያየች ለራሷ የምትናገር ይመስል «አንተ ያለውን ሰው ለይቶ ነው የሚመጣበት» አለች።

ግማሽ ቀን ባክኖባቸው ነበር። በአራተኛው ንጋት ጸጥታው ሲወርድ ከርሞ ገና ከሩቅ ይታይ ስለነበር የቀረውን መንገድ ቀዘፉ፤ ረፋድ ላይ ደረሱ። ሊባና ገመድ ታጥቃ ዓለቱን ወጣች። ጸውራ ዓይኗን ገልጣ ታያታለች። ክንፎቿን ስትመታ ጨው እንደ በረዶ ወረደ፤ መነሣት ግን አልቻለችም። ሊባና ፊቷ እየተቃጠለ ከመንቁሯ ሥር ተሳበችና ደወሉን አቅፋ ወረደች።

ሦስቱም እጃቸው እስኪደማ ቀዘፉ። ነገር ግን ገና ሳይርቁ ቀትር ሆነ። በስተደቡብ የባሕሩ ፊት ተጨማደደ። ከኋላቸው ጸውራ ከዓለቱ ተነሣች።

ዘሚካ መሪውን ለሊባና ሰጠችና ከመርከቡ ኋላ ወደታሰረችው ትንሽ ጀልባ ወረደች።

«የት ነው? እትዬ፣ አትሂጂ! ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነፋሱን እኔ ልጥራው!»

«አንቺ መሐላ አለብሽ።» ገመዱን ፈታች። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንቱ ስለው ኖርኩ። አንድ ቀን አንተ ብለው ምን አለበት?»

ወደ ምሥራቅ ቀዘፈች። ድምፅዋ ብቻ እንደሚደርሳቸው ስታውቅ ቆመች።

«አንተ! ካሳርን የወሰድከው፣ አንተ! እዚህ ነኝ፣ ና!»

ነፋሱ ዞረ። ያቺን ግዙፍ ወፍ እንደ ቅጠል አንጠልጥሎ ወደ ምሥራቅ ተወረወረ፤ ባሕሩም ነጭ ሆነ። የነፋሱ ጫፍ ብቻ የካሳርን ሸራ ነካው። ሸራው ሞላ፤ መርከቡም ወደ ቃልማይ ተስፈነጠረ። ሊባና መሪውን ልትመልስ ታገለች። ጉንዳል እጁን በእጇ ላይ ጭኖ ያዘው። እንባው እየወረደ «ሰው ይጠብቅሻል» አላት። ሁለቱም ወደ ኋላ ሲያዩ ባሕሩ ባዶ ነበር።

ደወሉ በተሰቀለ ዕለት ከቀትር በፊት ዘነበ። ሰዎች እንስራውን፣ ድስቱን፣ መዳፋቸውን ዘረጉ። የሊባና ወንድሞች ምላሳቸውን አውጥተው በጭቃው ላይ ይዘሉ ነበር። እሷ ግን ውኃ የሞሉ እንስራዎች ወደተጫኑበት መርከብ ወረደች፤ በድብራም የተጠሙ ሰዎች ነበሩና። ከመውጣቷ በፊት ሰማዩን አየች፣ የሞገዱን አቅጣጫ መዘነች፣ እስኪመቻት ድረስም ጠበቀች።

ከዚያ እጇን በምሰሶው ላይ አኖረች።

«አንቱ የባሕር ጌታ፣ መንገድዎን ያካፍሉን።» ፊቷን ወደ ምሥራቅ መለሰች። «እትዬ ዘሚካ፣ አንቱም ያካፍሉን።»

የተጣጣፈው ሸራ በቀስታ ሞላ። በቃልማይ ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱ የሚባሉት ሁለት ናቸው።