ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት

እውነቱን ልናገርና የመጣው ይምጣ፤ የከብት ሐኪሙን መጀመሪያ ያየሁት ቀን ጠልቼው ነበር።

ላማችን ከወለደች ስምንተኛ ቀኗ ነው። አባዬ «ወይዘሪት» ይላታል፤ ሦስት ጊዜ ወልዳም ስሟን አልቀየረላትም። ከአምስቱ ላሞቻችን የቤታችን አለኝታ እሷ ነበረች። ያን ሰሞን ግን መኖዋን ተወች፣ ጆሮዋን ጣለች፣ ከኋላዋ የሚወርደው ፈሳሽ ሽታም ከበረቱ አልፎ ሳሎን ገባ።

ሐኪሙ ረጅሙን የላስቲክ ጓንት እስከ ትከሻው አጥልቆ መረመራትና ወደ እኛ ዞረ።

«የእንግዴ ልጁን በእጁ ጎትቶ ያወጣው ማነው?»

አባዬ እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ። በወለደች ማግስት ተንጠልጥሎባት ሳይ አንጀቴ አልችል ብሎ ጎትቼዋለሁ።

«እኔ ነኝ።»

«ተበጣጥሶ ውስጥ ቀርቷል። ማህፀኗ የቆሰለው ለዚህ ነው።»

«እርስዎ ትምህርት ቤት ሲቀመጡ እኔ በረት እጠርግ ነበር። ከየት ልወቀው?» አልኩት። እንባዬ መጥቶ ነበር።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይዞሽ። ላም ስትወልድ ማህፀኗ ውስጥ ባክቴሪያ መግባቱ አይቀርም። ብዙዎቹ በራሳቸው ያስወጡታል። ችግሩ የገባው አልወጣም ሲል ነው።» ጓንቱን እያወለቀ ደግሞ «ስንቱ ሰው ስጠይቀው ይክዳል፤ አንቺ እውነቱን ነገርሽኝ» አለ።

ቴርሞሜትር ሰጠኝ። በየጠዋቱ ለክቼ ቁጥሩን በስልክ ልልክለት፣ ከሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ካለፈ እሱ ሊመጣ ተስማማን።

መርፌውን ሊወጋት በተከታታይ መጣ። እኔ ጭራዋን እይዛለሁ፣ እሱ ይወጋል፣ ከዚያ እጁን አስታጥበዋለሁ። ሳሙናውን ሲቀበለኝ ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔ ባልዲውን አያለሁ።

«እርስዎ አትበይኝ፣ ሽማግሌ ታደርጊኛለሽ» አለኝ አንድ ቀን።

«እሺ፣ እርስዎ» ብዬው አረፍኩ። ሲስቅ ሌላ ሰው ይሆናል።

ትኩሳቷ ወረደ። ሠላሳ ስምንት ተኩል ብዬ ስልክለት «ጎበዝ» ብሎ ይመልሳል። ለእኔ ይሁን ለላሟ አይገባኝም። ከዚያ መምጣቱን አቆመ፤ ምን ሊሠራ ይመጣል? ወይዘሪት ድናለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ፤ ከፋኝ ብዬ ደግሞ በራሴ አፈርኩ። «የገባው አልወጣም ሲል» ያለው ትዝ አለኝና ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሠላሳ ስምንት ነጥብ አምስት ለካሁና ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ብዬ ላክሁ። ምን ነካሽ አትበሉኝ፤ እኔም አላውቀው። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ማለቤን ቀጠልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሞተር ብስክሌቱ በር ላይ ቆመ። ፊቱ ልክ አልነበረም። «ትኩሳቷ ተመለሰ» ሲል አባዬ ከቤት ወጣ።

ለካት። ቁጥሩን አየ። እንደገና ለካት።

«የእኔ ቴርሞሜትር ተበላሽቷል መሰለኝ» አለ። «ሠላሳ ስምንት ተኩል ይለኛል።»

«የእሷስ?» አለ አባዬ ወደ እኔ እያየ።

«የእሷን አምናለሁ። ውስጥ የተደበቀ ነገር ይኖራል። መርፌውን እንደ አዲስ እንጀምር፤ ወተቷም መርፌው እስኪያልቅ ይደፋል።»

አባዬ ግንባሯን አሻሸ። ከጥጃነቷ ያሳደጋት እሱ ነው። «በቃ፣ ከአቅሜ በላይ ሆነ» አለ። «ለከብት ነጋዴው ልደውልለትና ይውሰዳት።» ስልኩን አወጣ።

ብናገር የሐኪሙን ዓይን ሁለተኛ አላይም፤ ዝም ብል ወይዘሪት መሄዷ ነው። ምን ጉድ ውስጥ ነው የገባሁት!

«አባዬ፣ ቆይ! ትኩሳት የላትም። ዋሽቼ ነው።»

«ለምን?» አሉ ሁለቱም እኩል።

ይሄ አባት ፊት እንዴት ይባላል? «እንዲመጣ ብዬ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

አባዬ እኔን አየ፣ ሐኪሙን አየ፣ ላሟን አየ። «እንግዲህ ከሦስታችሁ የታመመው ማን እንደሆነ ለዩና ንገሩኝ» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከቶ ገባ።

ሐኪሙ አልሳቀም። ቦርሳውን ዘጋ። «የራሴን ነው የተጠራጠርኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ያንቺን አይደለም።» ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ይናደድ ይዘን አልገባኝም። ቀኑን ሙሉ ጥጃዋን አቅፌ አለቀስኩ።

በነጋታው ለካሁ፤ አልላክሁም። በምን ዓይኔ? እያለብኩ ስልኬ ጮኸ፤ የእሱ መልእክት ነው።

«ዛሬ አልላክሽም።»

«ላሟ ደህና ናት» ብዬ ጻፍኩ።

«ላሟን መች ጠየቅኩ? አንቺን ነው።»

እጄ ወተት በወተት ሆኖ ስልኩን ሊጥለው ደረሰ። ሁለተኛ አልዋሽም አልኩ። «እኔ አልዳንኩም፣ የገባው አልወጣም ብሏል። የዛሬው እውነት ነው» ብዬ ጻፍኩና፣ ቆየት ብዬ «አንተስ?» የሚል ጨመርኩ።

መልስ የለም። አንዷን ላም አልቤ ጨረስኩ፣ ሁለተኛዋን ጀመርኩ፣ አሁንም የለም። ምነው እጄን በቆረጠው እያልኩ ሳለ የሞተሩ ድምፅ ከበር መጣ።

አባዬ ደጃፉ ላይ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ዶክተር፣ ቦርሳህን ረሳኸው እኮ።»

«አልረሳሁትም፣ አባባ» አለ።