የእትዬ ኮምፒውተር

«ልጄ፣ አሁንም እየዞረች ነው» አሉ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ።

ተማሪው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ሚጢጢ የምትባለው ተማሪ አሮጌው ኮምፒውተር ስክሪን መሀል የምትሽከረከረውን ክብ አየች። አራት ደቂቃ አልፏል። መጽሐፍ የሚዋሱ ተማሪዎችን የሚመዘግበው ፕሮግራም አልከፈት ብሏል። እሷና የክፍሏ ልጅ ፕሮፌሰር ሦስት ወር ለፍተውበታል። ፕሮፌሰር ያሉት ሁሉን አውቃለሁ ባይ ስለሆነ ነው።

ፕሮግራሙን የሚሠሩበትን መሣሪያ ሲመርጡ ሁለት አማራጭ ነበራቸው። ሁለቱም በየትኛውም ዓይነት ኮምፒውተር ላይ የሚከፈት ፕሮግራም ያወጣሉ። አንዱ ያምራል፣ ግን ሚሞሪ ይበላል፤ ሆዳም ነው። ሌላው ቀላል ነው፣ ግን ቁልፎቹ ግራጫ፣ መልኩ ደረቅ። እሷ ግራጫውን ብላ ነበር። ፕሮፌሰር ግን «የእትዬ ኮምፒውተር ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ምንም አይልም» አላት። አመነችውና የሚያምረውን መረጡ።

ኮሪደሩ ላይ አገኘችው።

«ሞክሬዋለሁ ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ልሞክር ሄጄ በሩ ተቆልፎ ነበር።»

«ሦስት ወር ሙሉ?»

«አቦ አታካብጂ! ዓርብ ለዳይሬክተሩ በኔ ላፕቶፕ እናቀርበዋለን፤ እዚያ ላይ ይበራል። እሱ ምን ያውቃል?»

«እትዬስ?»

«ደብተራቸው አለላቸው።»

መናደድ ፈልጋ አቅም አጣች። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ይቆጠቁጣል፣ የፊዚክስ ፈተናዋም ተበላሽቷል። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ አጓጓት። ከዛሬ ማክሰኞ እስከ ዓርብ በግራጫው ቢጀመር ከፕሮግራሙ ቢበዛ አንድ መስኮት ነው የሚደርሰው። ያ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው።

ቦርሳዋን ልትወስድ ተመለሰች። እትዬ ኮምፒውተሩን ትተው ደብተሩ ላይ አቀርቅረዋል። የውጤት ካርድ ሊሰጥ ሲል ተማሪው መጽሐፍ መመለሱ ከዚያ ደብተር ይጣራል። አምና ስድስት መቶ ተማሪ ተሰልፎ ሲጮህባቸው፣ እሳቸው በጣታቸው መስመር በመስመር ሲፈልጉ ዋሉ።

«አይዞሽ» አሉ ቀና ብለው። «እኔ በደብተሬ እወጣዋለሁ። ዓርብ ግን መጥቼ አጨበጭብላችኋለሁ፤ ደክማችኋላ!»

ሚጢጢ ቦርሳዋን አላነሣችም። ወንበር ስባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች፣ የሚዞረውን ዘጋችና ግራጫውን መሣሪያ መጫን ጀመረች። ለፕሮፌሰርም «ከፈለግህ ና፣ እንደገና ጀምሬያለሁ» ብላ ጻፈችለት።

አንዲት ግራጫ መስኮት ወዲያው ተከፈተች። ባዶ ናት፣ ታስጠላለች።

«እትዬ» አለች ሚጢጢ ዓይኗን እያሸች፣ «ፊደሉን ምን ያህል ላተልቅልዎት?»