ለቴፔይ መኪና የተመረጠው ቱርቦ

«ብትገድለኝም ትልቁን አልገጥምልህም!» አለች ቺዙሩ፣ በእጇ የያዘችውን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ።

«መኪናው የማን ነው?» አለ ቴፔይ።

«ያንተ ነው። ሞተሩን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። ትንሹ ቱርቦ ቤንዚን ስትሰጠው ወዲያው ይነሳል። ይሄኛው ሞተሩ በደቂቃ አምስት ሺህ ዙር እስኪዞር ተኝቶ ይቆይና ድንገት እንደ በሬ ነው የሚወጋህ።»

«ይውጋኛ! በትንሹ ከሄድኩ የእሽቅድምድም ቡድኑ ዞር ብሎም አያየኝም። ጥር ላይ አንድ ሙከራ ነው የሰጡኝ። አንድ!»

አባቷ ኢዋሴ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው የቆርቆሮ ቡናቸውን ይጠጣሉ። «እናንተ ልጆች፣ ሳትጋቡ ነው እንዴ የምትፋቱት?» አሉ።

ሁለቱም አልሳቁም።

ወደ ሞተሩ አየር የሚነፉት ሁለቱ ቱርቦዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጡጫ ያክላል፣ ሌላው የሕፃን ራስ። ቺዙሩ አየቻቸው። ከዚያ ቴፔይን አየችው። ፊቱ ላይ ያለውን ልመና ልትችለው አልቻለችም።

«እሺ። ትልቁ ይሁን።»

አምናበት አልነበረም።

በጉንማ ተራሮች ግርጌ ያለው የኢዋሴ ጋራዥ የኃይል መለኪያ ማሽን ኖሮት አያውቅም። ሞተር የሚቃኘው መንገድ ላይ ነው፤ ባለመኪናው ይነዳል፣ ቃኚው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነዳጁን ያስተካክላል። ሁለቱ የተዋደዱትም እዚያ ወንበር ላይ ነው። «ስጥ… ስጥ… ልቀቅ» ትለዋለች፤ መጀመሪያ ላይ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። አንድ ጠዋት «ልቀቅ» ብላ፣ ካምቢዮ በያዘው እጁ ላይ እጇን ጣል አደረገች። አላነሳችውም፤ እሱም ዞር ብሎ አላያትም። እንደዚያው ሆነው ቁልቁለቱን ጨረሱት።

ትልቁ ቱርቦ ከተገጠመ በኋላ ታኅሣሥን ሙሉ በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ተመላለሱ።

«እስከ ጥግ ስጠው እንጂ! የመጨረሻውን አንድ ሺህ ዙር እስካሁን አላየሁትም።»

«መንገዱ አለቀ እኮ፣ የኔ እመቤት። ሐይቁ ውስጥ ልንዳልሽ?»

ሳቀች። ላላየችው ዙር የሚያስፈልገውን ነዳጅ በግምት ሞላችው። እጁ የተፍታታ ቃኚ እንደዚያ ያደርጋል፤ የእሷም ግምት ስቶ አያውቅም።

የሙከራው ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ለሞተር ግን ቀዝቃዛ አየር ሲሳይ ነው። ደንቡ ከሾፌር በቀር ሰው ስለማያሳፍር ቴፔይ ወደ መወዳደሪያው ሜዳ ብቻውን ገባ። ቺዙሩ ከአጥሩ ኋላ ቆማ ታዳምጣለች። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ የሞተሩ ድምፅ እሷ እስከምታውቀው ድረስ ወጣ፤ አልፎም ወጣ።

«ልቀቅ» አለች ለራሷ።

አለቀቀም። ነጭ ጭስ ቦነነ፣ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ፤ መኪናው በገዛ ዘይቱ ላይ ተንሸራትቶ ግድግዳውን በአፍንጫው መታ።

ሞተሩን ስትፈታው አንዱ ፒስተን እንደ ሰም ቀልጧል። ነዳጅ አንሶት ነው። ያነሰውም እሷ በግምት በሞላችው ቦታ ላይ ነው።

ሆስፒታል ሄዳ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ግራ እግሩ እስከ ጉልበቱ በጀሶ ተጠቅልሏል።

«ለቡድኑ ምን አልካቸው?»

«ማርሽ ተሳሳትኩ አልኳቸው።»

«ማርሽ አልተሳሳትክም። ፒስተኑን አይቼዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ለምን ዋሸህ?»

«እውነቱን ብናገር ከእንግዲህ አባትሽ ጋ ማን መኪና ያመጣል?» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ደግሞም… መንገዱ አላለቀም ነበር።»

«የቱ መንገድ?»

«የሐይቁ። ገና ብዙ ይቀረው ነበር። አንቺ አጠገቤ እያለሽ እግሬ እሺ አላለኝም። አንድ ቀን እንኳ።»

ቺዙሩ ያን ሁሉ ጠዋት ሞተሩን የቃኘች መስሏት፣ ለእሷ ያለውን ስስት ስትቃኝ ነበር የከረመችው።

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽ ከመኪናው ትወርጂ ነበራ።»

«ቡድኑ ጋ እሄዳለሁ። እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«ሌላ ሰው ይዘዋል። ይሄም እግር ከእንግዲህ ፍሪሲዮን አይረግጥም ብሎኛል ሐኪሙ። ተይው።»

እጇን ዘረጋችለት። አልያዘውም፤ አልገፋውምም።

በሚያዝያ አንድ እሑድ ጋራዡ በደንበኞች ተሞልቶ ሳለ ቴፔይ በምርኩዝ ገባ። ኢዋሴን እጅ ነሳ።

«አለቃ፣ ኒጋታ ከተማ አጎቴ ጋ ልሄድ ነው። የዓሣ መጋዘን ውስጥ ሥራ አለ።»

«ዓሣ ደግ ነው» አሉ ኢዋሴ፣ ቀና ብለው ሳያዩት። «ፍጠን ብሎ አይጨቀጭቅም።»

ቺዙሩ ከኮፈኑ ሥር ቀና አለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። «አብሬህ ልሂድ» የሚለውን፣ መሄዱን ከሰማች ወዲህ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስታብላላው ሰንብታለች። አፏንም ከፍታ ነበር።

«እህት ዓለም፣ አንቺ ፍረጂን!» ብሎ ጮኸ አንድ ፀጉር ቆራጭ ደንበኛ፣ በሁለት እጁ ሁለት ቱርቦ ይዞ። «ይሄ ሰውዬ ትልቁን ካልገዛህ ወንድ አይደለህም እያለኝ ነው!»

«አይደለህማ!» አለ ጓደኛው። «በትንሹማ ሚስትህም ትቀድምሃለች!»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ቺዙሩ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«ብቻህን ነው የምትነዳው?» ብላ ፀጉር ቆራጩን ጠየቀችው።

«ከማን ጋር ልነዳ ነው ታዲያ? ከአማቴ ጋር?»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ፤ ክርክሩም እንደገና ጦፈ። ቴፔይ ምርኩዙን ብብቱ ሥር አስተካክሎ፣ በቆሙት መኪኖች መካከል ቀስ እያለ አልፎ፣ ልትለው የነበረውን ሳይሰማ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወረደ።