ከቅጽሩ ውጭ የቀረው አበ ልጅ

በ፲፱፻፲፬ ዓመተ ምሕረት፣ የኅዳር ብርድ ከእንጦጦ ወርዶ በአራዳ ሣር ቤቶችና ቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ በተኛበት ማለዳ፣ አታክልቲ የተባለ ቁስል አጣቢ ከባሻ አባይነህ ግቢ ደረሰ። ከሐማሴን መጥቶ በአንድ የፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ሙያ የቀሰመ ነው፤ በከተማይቱ ዘመድ የሚለው አንድ ሰው አልነበረውም። ልጅ የሞተባቸው ቤቶች ለአዲስ ሕፃን ይጠሩታል፤ ለማዕዳቸው ግን አይጠሩትም። አራስ ቤት የገባ ሰው ቤቱ ጸበል እስኪረጭ ቤተ ክርስቲያን አይገባምና፣ እርሱም የአንዱ ቤት ሳይረጭ ወደ ሌላው ስለሚሄድ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ የሰማው ከጊዮርጊስ ቅጽር ውጭ፣ ከአንዲት ወይራ ሥር ቆሞ ነበር።

ባሻ አባይነህ የአራዳ ዘበኞች አለቃ ናቸው። ሁለት ልጆች ቀብረዋል፤ ሁለቱም በተወለዱ በሰባተኛው ቀን መንጋጋቸው ገጥሞ ነበር የሞቱት። ሦስተኛው ገና መወለዱ ነው።

«ወንድ ልጅ አራስ ቤት ምን አለው?» አሉ አዋላጇ እመት ሰርክአዲስ፣ ቅቤ የነካ ጣታቸውን ወደ እትብቱ እያስጠጉ።

«ባሻ ልከውኝ ነው፣ እመት። ቅቤውን ይተዉት።»

«የአያቶቹን እትብት ያደረቀው ቅቤ ነው!»

«የዳኑትን ነው የሚያዩት፤ ያልዳኑትማ መጥተው አይመሰክሩም። ይልቅ ቅቤው ለእርስዎ ጸጉር ያምራል።»

ከመጋረጃው ኋላ ሴቶች ሳቁ። አታክልቲ በፈላ ውኃና በሳሙና እስከ ክርኑ ታጠበ፤ የሕፃኑን ሆድ በንጹሕ ጥጥ ጠርጎ፣ ዮድ የሚባለውን መድኃኒት በእትብቱ ዙሪያ ቀባ፤ ቆዳውም እንደ ዛገ ብረት ቀላ።

«ግድግዳ አደረግኸው እንዴ!» አሉ እመት። «ቄሱ ሲያጠምቁት ቀለም ሊለቅባቸው ነው።»

እናቲቱ የሺዓለም ከመደቡ ላይ፣ «ይሄስ ያድግልኝ ይሆን?» አለች።

«አይዞሽ፣ ሓፍተይ፣ እኅቴ። ሰባት ቀን እመላለሳለሁ፤ ከእኔ በቀር እትብቱን ማንም አይንካ።»

እንዳለውም ተመላለሰ። በሰባተኛው ቀን የሺዓለም መንጋጋው ገጥሞ እንደሆነ ብላ ጡቷን ለመስጠት ፈራች፤ ሕፃኑ ግን አፉን ከፍቶ ያዘ፤ ሲስብም ድምፁ ተሰማ። እመት ሰርክአዲስ ቅቤ የነካ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ባሻ አታክልቲን ደጅ ላይ አቆሙት። «ዘመድ የለኝም ትል የለም? በአርባ ቀኑ አንተው ክርስትና ታነሣዋለህ፤ አበ ልጅ ሆንን ማለት ነው። ብቻ እስከዚያ ሌላ አራስ ቤት ገብተህ እንዳታዋርደኝ፤ አደራ።»

ከዚያ ወዲህ አታክልቲ ቀን ቆጠረ። የአራሷ ቤት ጸበል ተረጨ፤ ሌላ የጠራው ሰውም አልመጣም። እሪ በከንቱ በሚኖረው ሸማኔ በእንድሪስ ዘንድ ለክርስትናው የሚለብሰውን ጥለት ያለው ኩታ አሠራ። ማታ ማታ ብቻውን ተቀምጦ፣ «አበ ልጅ» የምትለዋን ቃል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይላት ነበር።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ያው እንድሪስ እያለከለከ መጣ።

«ሐኪም፣ ባለቤቴ ምጥ ይዟታል። ያለፈው በሰባተኛው ቀን እንደሄደብኝ ታውቃለህ።» ወዲያው ኩታው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየ። «ለካ ነገ ነው ክርስትናው።»

«ነገ ነው» አለ አታክልቲ። ኩታውን አውርዶ በአራት አጥፎ ሣጥኑ ውስጥ አኖረ፤ ቆይቶም፣ «ውኃ ጥዳችኋል?» አለ።

በማግሥቱ ወይራዋ ሥር ሆኖ እልልታውን ሰማ። ሕፃኑን ያነሣው የየሺዓለም ወንድም ኪዳነማርያም ነበር። ባሻ በበሩ ሲወጡ አይተውት ፊታቸውን አዞሩ። የሺዓለም ግን ቆም ብላ፣ እንደ ማስተካከል አድርጋ የሕፃኑን መጠቅለያ ገለጠች፤ እትብቱ ደርቆ ድኗል፤ ሆዱ ላይ የቀለም ምልክት አልነበረም። አታክልቲ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ፤ ሌሊት የተወለደውን የእንድሪስን ልጅ እትብት የሚያይበት ሰዓት ደርሶ ነበርና ወደ እሪ በከንቱ ቁልቁል ወረደ።

የዘመኑ ጸሐፊዎች የተሾመውንና የተሻረውን ጻፉ። ያ ሕፃን አድጎ፣ ሸምግሎ፣ የክርስትና አባቱን ሲጠየቅ «ኪዳነማርያም» ይል ነበር፤ እትብቱን ማን እንዳጠበው የጠየቀው ሰው አልነበረም።